ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ በግራው መስኮት

በአማርኛ ቋንቋ ቀኝ የተመረቀ ወገን ነው። ወዳጃችንን ስንመርቅ «በቀኝ ያውልህ» እንለዋለን፤ ነገሩ ሲጠፋን ደግሞ «ግራ ገባን» እንላለን። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ከናይሮቢ በአውሮፕላን ተነሥቶ ወደ ሞያሌ ለሚሄድ መንገደኛ «በማለዳ ተነሥ፥ ግራውንም ምረጥ» ብለን ስንመክር፥ ቋንቋውን በመማር ላይ ያሉት ክቡራን አንባቢዎቻችን ክፉ የተመኘንላቸው እንዳይመስላቸው አስቀድመን እንለምናለን። ምክሩም ሁልጊዜ እንደማይሠራ በራሳችን ላይ የደረሰው ስለሚያስረዳ፥ እርሱንም ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ በመኪና መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህም ውስጥ ከኢሲዮሎ ወዲያ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት አስፋልት ለብሶ እስኪያልቅ ድረስ፥ በበጋ አቧራና ድንጋይ፥ በክረምት ጭቃ ነበረ። በዚያን ጊዜ መንገደኛው በጭነት መኪና ላይ፥ ከጭነቱ በላይ ተቀምጦ፥ ሁለትና ሦስት ቀን ይጓዝ ነበር። ዛሬ አውቶቡስ በአንድ ቀን ያደርሳል። ቢሆንም ሥራው የሚያጣድፈው ሹም፥ ወይም ጤናው ያልተሟላ ሰው፥ የሚያሳፍረው ሲያገኝ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በሚነሣ ትንሽ አውሮፕላን መሄድን ይመርጣል። በቀጥታ ሲለካ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያነሰ ስለሆነ ሁለት ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው።

የትኛው መስኮት ምን እንደሚያሳይ ለማወቅ ብልሃቱ ቀላል ነው። ካርታ ዘርግቶ ከመነሻው እስከ መድረሻው ማስመሪያ ማስደገፍና በእርሳስ አንድ መስመር መሳብ፥ ከዚያም ከመስመሩ በስተግራና በስተቀኝ ያለውን ማንበብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቀኝና ግራ የሚባለው መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ አውሮፕላኑ አፍንጫ ያዞረ ሰው ቀኝና ግራ ነው እንጂ፥ ሜዳው ላይ ቆሞ አውሮፕላኑን ፊት ለፊት የሚመለከት ሰው አይደለም። በትልልቆቹ አውሮፕላኖች የመሳፈሪያ ወረቀቱ ላይ «ኤ» የሚል ፊደል የተጻፈበት መቀመጫ በግራ በኩል ያለ የመስኮት መቀመጫ ነው።

ከካርታው ቀጥሎ የሚጠየቀው ሰዓት ነው። ከናይሮቢ ወደ ሞያሌ የሚሄድ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን፥ ጥቂትም ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ስለሚጓዝ፥ በማለዳ ፀሐይ በቀኙ ትወጣበታለች። ቀኙን የያዘ ሰው ዓይኑ ይታወራል፤ ግራውን የያዘ ግን ፀሐይዋ ከጀርባው ሆና ምድሩን ታበራለታለች። ወደ ናይሮቢ በማለዳ ሲመለስ ግን ፀሐይዋ በግራ ስለምትሆን ቀኙን መያዝ ይገባዋል። እንዲህ ያደረገ ሰው ሲሄድም ሲመለስም የሚያየው ያንኑ የምዕራቡን ወገን ነው፤ ይህንን የሚነቅፍ ቢኖር አንዱን መንገድ ከሰዓት በኋላ ይሂድ።

ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለሚበርሩትም ይኸው ማስመሪያ ያገለግላል። በዚያ መንገድ ላይ ግን ሁሉን የሚያሳይ መስኮት የለም። ዝዋይና ላንጋኖ ከመስመሩ በስተግራ ናቸው። ሻላና ሐዋሳ ከሆድ ሥር ስለሚያልፉ ለአንዱም ወገን አይመቹም። ሻላ 266 ሜትር ያህል የሚጠልቅ ሐይቅ ስለሆነ መልኩ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ጥቁር ያደላል፤ ጎረቤቱ ላንጋኖ ግን ሻይ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ዕድሉ ወደ ቀኝ ይዞራል። አባያ ቀላ ብሎ፥ ጫሞ ጠራ ብሎ፥ በመካከላቸውም ሰዎች የእግዜር ድልድይ የሚሉት ሸንተረር ተጋድሞ በቀኝ ይታያሉ። አገሩ ደርቆ፥ የጫልቢ በረሓ እንደ ብራና ነጥቶ ሲታይም በቀኝ ነው። ወደ ናይሮቢ ሲቃረብ ግን የኬንያ ተራራ በግራ ብቅ ይላል። ቀኝ የያዘው ሐይቆቹን አይቶ ተራራውን ያጣል፤ ግራ የያዘው ተራራውን አይቶ አባያንና ጫሞን ያጣል። ባልና ሚስት አብረው ቢጓዙ፥ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ቢቀመጡና ማታ ቢነጋገሩ መልካም ይመስለናል። ሞያሌም ከዚህ መስመር በስተግራ፥ ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ስለምትቀር፥ የሞያሌ ሰው በዚያ ከፍታ አገሩን አየሁ ቢል አንመነው።

ስለ ክንፍ አንድ ቃል እንጨምር። ክንፋቸው ከመስኮቱ በታች በሆነው ትልልቅ አውሮፕላኖች፥ በመካከል የተቀመጠ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ብረት ሲያይ ይውላል፤ ስለዚህ ከክንፉ በፊት ወይም እጅግ ወደ ኋላ መቀመጥ ይሻላል። ሴስና ካራቫን የሚባለውና ወደ እንደ ሞያሌ ያሉ ሥፍራዎች የሚላከው ትንሽ አውሮፕላን ግን ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ፥ ከየትኛውም መስኮት ወደ ታች ቢመለከቱ ምንም አይከለክልም። ከፍታውም መጠነኛ ስለሆነ የቤት ጣራና የከብት በረት ይለያል።

እኛም ይህን ሁሉ ዐውቀን፥ ካርታችንን አስምረን፥ አንድ ቀን በማለዳ ዊልሰን ደረስን። መስመሩ በኬንያ ተራራ ላይ ሊያልፍ ጥቂት የቀረው ነበረ፤ አብራሪዎች ደግሞ ተራራውን በምሥራቅ በኩል ሲዞሩት በግራ እንደሚታይ ገምተን ነበር። የተራራው ጫፍ 5,199 ሜትር ነው፤ ትንሹ አውሮፕላን ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ፥ ተሳፋሪው በረዶውን ለማየት ቀና ማለት ይኖርበታል። በአውሮፕላን ተቀምጦ ወደ ላይ ማየት በሕይወታችን አልገጠመንምና እርሱን ለማየት ቸኩለን ነበር። ተራራው በማለዳ ይገለጣል እንጂ ረፋዱ ላይ ደመና ስለሚለብስ፥ ማለዳ የተነሣነውም ስለዚሁ ነው።

በትንሽ አውሮፕላን መቀመጫ የሚመርጠው ግን ተሳፋሪው አይደለም። ሻንጣችንም እኛም በሚዛን ተመዘንን። አብራሪው ክብደቱን በወረቀት ላይ ደምሮ እያንዳንዱን የሚቀመጥበትን ነገረው። እኛ በትሕትና ግራውን ብንለምነው ፈገግ ብሎ ሰጠን። ከእኛ በስተቀኝ ሕፃን የታቀፈች እናት ተቀመጠች፤ ከእርሷ ወዲያ፥ በቀኙ መስኮት ደግሞ፥ ነጭ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ከዚያም አብራሪው እስክንወርድ ድረስ ማንም ከመቀመጫው እንዳይለዋወጥ አጥብቆ አስጠነቀቀን።

ሽማግሌው የሞያሌ ሰው፥ ትውልዳቸው ቡርጂ ነው። አማርኛን ድንበሩን ተሻግረው በንግድ ተማሩት። በናይሮቢ ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኝተው መመለሳቸው ነበረ፤ ሐኪሙ የአውቶቡሱን መንገድ ስለከለከላቸው ልጃቸው ገንዘብ አሰባስቦ በአየር እንዲሄዱ አደረገ። በጎልማሳነታቸው በዚያው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ ጥቂት እንደሄደ አብራሪው ከምሥራቅ በኩል ደመና ስላየ አፍንጫውን ወደ ግራ መለሰ። ተራራውን በምዕራብ፥ በናንዩኪ በኩል፥ የምድር ወገብ በሚያልፍበት ሥፍራ ሊዞረው ነው። እኛም ግራ ገባን። ካርታውን አስምረን፥ ሰዓቱን ቆጥረን፥ አብራሪውን ለምነን ያገኘነው መስኮት የአበርዴርን ተራሮች ሲያሳየን፥ የኬንያ ተራራ በሽማግሌው መስኮት ሞልቶ ቆመ።

«አባታችን፥ ተራራው እንዴት ነው?» ብለን በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮኽን።

«አለ» አሉን።

«በረዶ አለው ወይ?»

«ራሱ ላይ ነጭ ነገር ጣል አድርጓል። ይልቅስ ልጄ፥ መንገዱ በአንተ በኩል ይታያል ወይ?»

መንገዱ በዚያን ጊዜ በእርሳቸው በኩል ነበረ፤ ገና አልደረስንበትም እንጂ። ተራራውን ካለፍን በኋላ አውሮፕላኑ ወደ ሞያሌ አቅጣጫውን ሲይዝ፥ ሽማግሌው ግንባራቸውን በመስኮቱ ላይ አስደግፈው ኢሲዮሎን አዩ። ኡዋሶ ንይሮ ወንዝ በደረቁ ምድር ላይ አረንጓዴ መቀነት መስሎ ተዘርግቷል፤ አርቸርስ ፖስትም ከወንዙ አጠገብ ናት። እርሳቸው ጣታቸውን በመስኮቱ መስተዋት ላይ እየጎተቱ የሥፍራውን ስም ለእናትየዋ ይነግሯት ነበር፤ እርሷም ሕፃኑን እያባበለች «እህ» ትላለች። እኛ ደግሞ በግራ የማቲውስን ተራሮች እያየን ነበር፤ ውበታቸውን ባንክድም ልባችን በቀኝ ነበረ።

ከዚያ መሪሌ ከመድረሳችን በፊት መንገዱ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር አልፎ ወደ እኛ ወገን ተሻገረ። ሽማግሌው መስኮታቸው ባዶ ሜዳ ብቻ ሲሆንባቸው ወደ እኛ ዞሩ። ሊነሡ ቢሉ እናትየዋ የአብራሪውን ቃል አስታወሰቻቸው። እኛም በመቀመጫው ላይ ታስረን ቀረን። ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው፦ እኛ ያየነውን እየጮኽን እንናገራለን፥ እርሳቸው ስሙን ይነግሩናል።

«ደረቅ ወንዝ አለ፤ በአጠገቡም ጥቂት ጣራዎች» ስንል «መሪሌ» ይላሉ። «ከመንገዱ ዳር ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች፥ ከበላያቸውም ጉብታ» ስንል «ላይሳሚስ» ይላሉ። መስኮቱ ከእኛ፥ አገሩ ከእርሳቸው ነበረ። እርግጥ አንዳንዱን ተሳስተን ሳንነግራቸው አልቀረንም፤ ምክንያቱም ከመንገዱ እየራቅን ስለሄድን ጣራና ድንጋይ መለየት አስቸገረን።

ማርሳቢት ስንደርስ ያየነው ተራራ ሳይሆን ተራራውን የሸፈነ ደመና ነው። በበረሓ መካከል ብቻውን የቆመ፥ ጫፉ 1,707 ሜትር የሆነ፥ ደን የለበሰ የቀድሞ እሳተ ገሞራ ነው። ለኬንያ ተራራ ማለዳ መልካም ሲሆን ለማርሳቢት ግን ማለዳ ክፉ ነው፤ ጉሙ የሚገፈፈው ረፍዶ ነውና፥ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ገልጦ ማየት ለጥቂቶች የተሰጠ ነው። አሕመድ የተባለው፥ ጥርሱ እጅግ ረጅም የነበረው ዝሆን የኖረው በዚህ ደን ነው። ፕሬዚደንት ጆሞ ኬንያታ በልዩ አዋጅ እንዲጠበቅ አድርገውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ሞተ።

ይህ ጉም ለዓይን ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው። ሐምሌ 5 ቀን 1997 ዓ.ም. በቱርቢ ተማሪዎች ሕፃናት ሳይቀሩ ብዙ ሰዎች ተገድለው፥ የአገሩ ሕዝብ እርስ በርሱ ተፈራርቶ ነበር። ከዚያም ሚያዝያ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.፥ እርሱም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 2006 ነው፥ የሕዝብ እንደራሴዎችና ባለሥልጣኖች ስለ ዕርቅ ለመነጋገር ከናይሮቢ በጦር ኃይሉ አውሮፕላን ወደ ማርሳቢት ሲሄዱ፥ አውሮፕላኑ በመጥፎ አየር ከተራራው ጋር ተጋጨ። ከ17ቱ ተሳፋሪዎች 14ቱ ሞቱ። ከሞቱትም መካከል ቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ቦናያ ጎዳናና የሞያሌ እንደራሴ ዶክተር ጉራቻ ገልገሎ ይገኙበታል። በሞያሌ ስለዚያ ቀን የማያስታውስ አዋቂ ሰው አናውቅም። በአውሮፕላናችን ውስጥም ከግራ በኩል «ማርሳቢት ጉም ነው» ብለን ስንናገር፥ ከኋላችን የነበሩት ንግግራቸውን አቆሙ።

ደመናው ወደ ኋላ ሲቀር ሽማግሌው እናትየዋን «ልጄ፥ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብለው በላይዋ ወደ እኛ አጎነበሱ።

«አሁን ዲዳ ገልገሉ ነው። ጥቁር ድንጋይ የተዘራበት ሜዳ ይታይሃል?»

«ይታያል።»

«መንገዱስ?»

ዓይናችንን አጥብበን ፈለግን። በጥቁሩ ሜዳ ላይ ጥቁሩን አስፋልት መለየት አልሆነልንም፤ ከእኛም ከ40 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። አልታየንም አልናቸው።

ከዚያም የሚፈልጉትን ነገሩን። ከ40 ዓመት በፊት፥ ዝናቡ በበዛበት ዓመት፥ ከማርሳቢት አልፈው ቱርቢ ሳይደርሱ የጭነት መኪናው በጭቃ ተያዘ። ዘጠኝ ቀን እዚያው ቆሙ። ረዳታቸው የ17 ዓመት ልጅ ነበረ፤ በአምስተኛው ቀን ወባ ተነሣበት፥ በስምንተኛው ቀን ሞተ። መኪናው ላይ የነበሩት መንገደኞች ቀበሩት፥ ድንጋይም ከመሩበት። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ባለፉ ቁጥር ቆመው አንድ ድንጋይ ይጨምሩ ነበር። ሾፌርነቱን ከተዉ በኋላ ግን በአውቶቡስ ያለፉት ሁልጊዜ በሌሊት ነው። አዲሱ አስፋልት በአሮጌው መንገድ ላይ ይሂድ ወይም ከጎኑ ይሂድ፥ ክምሩ ይቀር ወይም ለሥራ ይወሰድ፥ አላወቁም። በቀን ብርሃን ከላይ አያለሁ ብለው ነበር በአውሮፕላን መሄዱን እሺ ያሉት።

ከዚያ ከፍታ የድንጋይ ክምር እንደማይታይ ልንነግራቸው አፋችንን ከፍተን ነበር። ዳሩ ግን ያላየነው ስለ ከፍታው ብቻ እንዳልሆነ ትዝ አለንና ዝም አልን፤ ምክንያቱም ከማርሳቢት በኋላ ብዙውን ጊዜ ያለፈንን የኬንያ ተራራ ስንቆጭ ነበር እንጂ መስኮቱን በትክክል አልተመለከትንም ነበር።

የሶሎሎ ኮረብቶች በግራ ታዩ። መንገዱም ከዚያ ወገን ብቅ ብሎ ከእኛ ጋር ወደ ሞያሌ አመራ። ሞያሌ ከላይ ስትታይ የሁለቱ ከተሞች ቆርቆሮ አንድ ላይ ያብረቀርቃል። ድንበሩን ለማግኘት የሚፈልግ ሰው መኪናዎቹን ይመልከት፤ በኬንያ በኩል ግራቸውን ይዘው የመጡት ድንበሩን ሲሻገሩ ወደ ቀኝ ይዛወራሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የተመረቀው የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያም በትልልቅ ጣራዎቹ ይለያል። ይህን ለሽማግሌው ብንነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ «ግራና ቀኝ አጥፍቼ ስንት ቀን ከፍያለሁ!» አሉን።

በሜዳው ላይ ስንሰነባበት፥ ተመልሰን በማለዳ የምንሄድ ከሆነ በአውሮፕላን እንዳንሄድ ለመኑን። ክምሩ ከሞያሌ ሲወጡ፥ ቱርቢን ካለፉ በኋላ፥ በስተቀኝ ነው። ቁጥሩን በኪሎ ሜትር አያውቁትም፤ ሜዳው ፍጹም ጥቁር ከሆነ በኋላ መንገዱ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሲነሣ ነው አሉን።

ከአሥር ቀን በኋላ ሥራችንን ጨርሰን በማለዳ በትንሽ መኪና ተነሣን፤ ቀኙን መስኮት ያዝን። ፀሐይ በግራችን ስለነበረች በቀኝ ያለው ድንጋይ ሁሉ ጥላው ሳይቀር በደንብ ይታይ ነበር። ቱርቢን አልፈን፥ ሜዳው ከጠቆረ በኋላ፥ መንገዱ ዝቅ ብሎ ሲነሣ ያገኘነው ግን አንድ ክምር አይደለም፤ ሦስት ነበሩ፥ እያንዳንዳቸው ጥቂት መቶ እርምጃ ይራራቃሉ። የትኛው የመንገድ ሠራተኞች የተዉት፥ የትኛው የሰው እንደሆነ መለየት አልቻልንም። ሾፌሩን አስቁመን በሦስቱም ላይ አንዳንድ ድንጋይ ጨመርን፤ ሦስቱንም ፎቶግራፍ አንሥተን ማርሳቢት ስንደርስ ወደ ልጃቸው ስልክ ላክነው።

ኢሲዮሎ ምሳ ስንበላ ሽማግሌው ራሳቸው ደወሉ።

«ሁለተኛው ነው» አሉን። «ግን ድንጋዩ አንሷል።»